ተገልብጦ የተገጠመ እጀታ

የወንድሜ ቤት ቆጥ ላይ ያለችው ክፍል የበር እጀታ ተገልብጦ መገጠሙን ያየሁት ሕፃኗ በተወለደች በሰባተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ተራ እጀታ ነው። በአንድ በኩል በጣት የሚጠመዘዝ መቆለፊያ አለው፣ በሌላው በኩል ድፍን ነው። መኝታ ቤት ላይ ሲገጠም መቆለፊያው ከውስጥ ይሆናል፤ የሚቆልፈው የሚተኛው ሰው ነውና። ይኼኛው ግን ከውጭ፣ በደረጃው በኩል ነበር። ተቆልፏልም። ድሮም እንዲህ ነበር እንዳልል ክፍሏን አውቃታለሁ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ እንደመጣሁ ሁለት ዓመት የኖርኩባት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ዘገዬ ሳያንኳኳ እየገባ ሲያስቸግረኝ ከውስጥ እቆልፍበት ነበር።

አሁን ውስጥ ያለችው ሚስቱ መዓዛ ናት። ካየኋት ሦስት ሳምንት አልፏል።

ወደ ላይ መውጣቴም የታሰበ አልነበረም። ምግቧን የሚያደርሱላት እትዬ ዘውዴ ናቸው፣ የአባታችን እህት። መዓዛን ሊያርሱ ብለው ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው የመጡ ናቸው። ያን ቀን ከጸሎት ቡድናቸው ጋር ስልክ ላይ ሲቆዩ አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ኩባያውን አንስቼ ወጣሁ።

በሩን በጣቴ አንኳኳሁ።

"መዓዛ። ሀሴት ነኝ።"

ከወለሉ አካባቢ፣ ቁጭ ካለ ሰው የሚመጣ ድምፅ ሰማሁ።

"ማን አብሮሽ አለ?"

"ማንም።"

"ደብተርሽን ይዘሻል?"

"የምን ደብተር? አጥሚት ነው የያዝኩት። መቆለፊያው እኮ በኔ በኩል ነው፣ ልክፈተው?"

"እንዳትከፍቺ።"

"እነሱ ናቸው እንዳትወጪ ያሉሽ?"

"ሂጂ፣ ሀሴት። እባክሽ ሂጂ።"

"ማን ውጪ አለሽ?" አሉ እትዬ ዘውዴ ከታች።

"አጥሚቱ ሊቀዘቅዝ ነው።"

"ይቀዝቅዝ። ውረጂ የኔ ልጅ። ጌታ እያሳረፋት ነው።"

"ቆልፎባት ነው የሚያሳርፋት?"

ደረጃው ሥር ቆመው ቀና ብለው አዩኝ። ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም፤ ከውስጡ የአንዲት ሴት "አሜን፣ አሜን" ይሰማል።

"አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገርሽ ከመጽሐፍ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ልብወለዶች ውስጥ ስለሚዘጋባቸው ሴቶች ነው። አሥራ አንድ ልብወለድ መርጫለሁ። ሴትየዋ ታማለች ይባላል፣ በሽታው በቅጡ አይነገርም፣ መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ሐኪሙ የሚነጋገረው ከሷ ጋር ሳይሆን ኮሪደር ላይ ከባሏ ጋር ነው። ባልየው ክፉ መሆን የለበትም፤ እንዲያውም ይወዳታል። ቁልፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባል እህት ወይም የባል ዘመድ እጅ ላይ ነው፤ ቤት የምታስተዳድር፣ ጨዋ፣ ጸሎት የምታበዛ። አማካሪዬ ሁለተኛውን ምዕራፍ አንብባ ጠርዙ ላይ "የምትፈልጊውን ከመጽሐፉ ውስጥ አውጪ እንጂ አታስገቢበት" ብላ ጽፋብኛለች። በጊዜው ተናድጄ ነበር።

አጥሚቱን እትዬ ዘውዴ ተቀብለውኝ ወጡ። የመቆለፊያውን ቀጭ ማለት ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጭ። ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

ሳሎን ተቀምጬ ሕፃኗን ኤልዳናን ጭኔ ላይ አስተኝቼ የማውቀውን መደርደር ጀመርኩ። ኤልዳና የምትተኛው ታች፣ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነው። ጡት አትጠባም፤ "ወተቷ ደረቀ" ተብሏል። የመዓዛ ስልክ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝግ ነው፤ በጠየቅኩ ቁጥር "ቻርጅ ላይ ነው" ይሉኛል። መዓዛ ማለት ደግሞ ሳቋ ከመዘምራኑ መሐል ተለይቶ የሚሰማ ሴት ናት። መኪና መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የቆመ ትራክ ልገጭ ስል እንኳን እየሳቀች ነበር።

ከቁልፉም በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ቤተሰባችን ስንት ልማድ ትቷል፤ ይኼኛውን ግን የተወ ሰው አላውቅም። ውሃ ልትቀዳ የምትወጣ ሴት እንኳን አራሷ አጠገብ ሌላ ሰው አስቀምጣ ነው የምትሄደው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየድስታቸው እየመጡ ቤቱን ሞልተውት ነበር። አሁን አራሷ ብቻዋን ቆጥ ላይ፣ ልጅቷ ታች። ማንም ሳይጠላት እንዲህ አይደረግም ብዬ አሰብኩ።

ዘገዬ ከሥራ የገባው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሚሠራው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ወደዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። እጁን ታጥቦ ገንፎ ሲያቀርቡለት ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ዘጌ፣ የላይኛውን በር እጀታ ማን ገለበጠው?"

ማንኪያው አፉ አጠገብ ቆመ።

"ተበላሽቶ ነበር።"

"ተበላሽቶ ወደ ውጭ ዞረ?"

"ሀሴት፣ ደክሞኛል።"

"እኔም ደክሞኛል። መዓዛን ማየት እፈልጋለሁ።"

"አሁን ሰው አትፈልግም።"

"እሷ ናት ያለችው ወይስ አንተ?"

እትዬ ዘውዴ ከምድጃው ዞር አሉ። "ወንድምሽን እንደ ፖሊስ አትጠይቂው። ቅቤ ጨምሬልሃለሁ፣ ብላ ዘገዬ።"

"ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ" አለ ዘገዬ፣ ገንፎውን እያየ። "በስድስተኛው ሳምንት አፖይንትመንት ነበራት። ስለ ጭንቀት ምናምን ፎርም አስሞልተዋታል። ከሠላሳ ስንት እንዳመጣች ታውቂያለሽ? ዜሮ። ዜሮ ማለት ምንም የለባትም ማለት ነው።"

ሲናገር ፈተና ያለፈ ልጅ ያለው አባት ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ዜሮውን ስሰማ ነው የመጨረሻ ጥርጣሬዬ ወደ እርግጠኝነት የተቀየረው። ሰባት ሳምንት ያልተኛች ሴት ከሠላሳ ዜሮ ልታመጣ አትችልም። እኔ እንኳን፣ ያልወለድኩት፣ ከመመረቂያ ጽሑፌ ቀነ ገደብ ጋር ስምንት አላጣም።

የሐኪም ቤት ወረቀቶቻቸውን የት እንደሚያስቀምጡ አውቃለሁ፤ ፍሪጁ አናት ላይ፣ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ። ዘገዬ ሻወር ሲገባ፣ እትዬ ዘውዴ ልጅቷን ሊያጥቡ ሲሄዱ አወረድኩት። ፎርሙ በፖስታ የተላከው ሁለት ቅጂ ሆኖ ነበር። አንዱን አስረክበዋል። ሁለተኛው እዚያው አለ፣ በእርሳስ የተሞላ። ለሐኪም የሚሰጠውን መልስ በእርሳስ ተለማምደውበታል። አሥር ጥያቄ፣ አሥሩም ላይ ዜሮ የሚሰጠው መልስ ተከቧል። ቀኑ የተጻፈው በዘገዬ እጅ ነው፤ ሰባትን መሐሉን የሚሰርዘው በዚህ ቤት እሱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ግን ሻካራ ነበር። በላጲስ የተፈገፈገ ወረቀት በጣት ይታወቃል። የስልኬን መብራት ከኋላው ያዝኩበት። ከዜሮዎቹ ክቦች አጠገብ፣ የጠፉ ክቦች ነበሩ። ቀጭን፣ ተጭኖ የተጻፈ፣ ጠባሳቸው የቀረ። ነጥባቸውን አንድ በአንድ ደመርኩ። ሃያ አንድ። አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው። የጠፋው ክብ "አንዳንድ ጊዜ" የሚለው ላይ ነበር።

ፎቶ አነሳሁት። ትክክል በመሆኔ ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ታሪኩ አልቆልኝ ነበር። እሷ እውነቱን ጻፈች፣ ባሏ አጠፋው፣ ሐኪሙን ሸነገለ፣ እጀታውን ገለበጠ፣ አክስቱን በር ላይ አቆመ።

ፖሊስ መጥራትም አስቤያለሁ። ግን ፖሊስ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ብቻ አይሄድም። ሕፃን ያለበት ቤት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጡት ልጅ የሚወስዱት የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ የኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እሑድን መረጥኩ። እሑድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ አምልኮው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ እንግዳ ሰባኪ ካለ አራት። መዓዛን ምን እንደሚያደርጓት ጠየቅኩ።

"ውሃና ቴርሞስ እንተውላታለን" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ትተኛለች።"

"ብቻዋን?"

ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ ጭካኔ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ከዩኒቨርሲቲው ሰፈር ሁለት ባስ ቀይሬ ዘገዬ የሚኖርበት ሰፈር፣ ኒር ኢስት ሳይድ ደረስኩ። የቤቱ ቁልፍ አሁንም አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አብራኝ ከምትኖረው ልጅ የተዋስኩት ካቻቢቴ፣ አንድ ሹራብና ፎርሙን ያተምኩበት ወረቀት ነበር። እቅዴ ቀላል ነው፤ በሩን እከፍታለሁ፣ እናወራለን፣ ትለብሳለች፣ እንወጣለን። ከመውጣቴ በፊት እጀታውን ፈትቼ አዙሬ እገጥመዋለሁ። ዘገዬ ሲመለስ እንዲያየው።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሦስቱንም ፎቅ ወጣሁ። መቆለፊያውን ጠመዘዝኩት፣ ቀጭ አለ። ገፋሁት።

በሩ አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ቆመ።

በትከሻዬ ገፋሁት። ምንም። በክፍተቱ ሳይ ባለ አምስት መሳቢያው ድሬሰር በሩ ላይ ተደግፏል። ወለሉ ላይ እግሮቹ የጫሩት መስመር ይታያል፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ መስመር። በየቀኑ ሲጎተትና ሲመለስ የኖረ።

"መዓዛ?"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ክፍት ነው። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ድሬሰሩን አንሺው።"

"ልጅቷ የት ናት?"

"ቤተ ክርስቲያን። ከእትዬ ጋር።"

ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁት። ከድሬሰሩ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ በክፍተቱ ጉልበቷና አንድ እጇ ይታየኛል። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ድረስ ተቆርጠዋል።

"ስሚኝ" አልኳት። "ፎርሙን አይቼዋለሁ። ዘገዬ ያጠፋውን አይቻለሁ። ፎቶም አለኝ። አሁን አብረን እንወጣለን፣ ከፈለግሽ እኔ ጋ፣ ካልፈለግሽ—"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"እንደዚያ በይ ብሎሽ ነው።"

"ሀሴት፣ አንዴ ዝም በይ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ቀኑን ብቻ ነው የጻፈው። እጀታውንም የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ በምግብ ቢላዋ። ብሎኑን አይተሽዋል? አፉ ተበልቷል። ዘገዬ ቢሆን በመሣሪያ ነበር የሚያደርገው።"

ብሎኑን አየሁ። አፉ ተበልቷል። በካቻቢቴ የተነካ አይመስልም። ትናንትም እዚሁ ቆሜ አይቼው ነበር።

"ለምን?" አልኩ።

እጇን ጉልበቷ ሥር ደበቀች።

"ደረጃው" አለች። "ይዣት ስወርድ፣ እጄ ሲለቃት አየዋለሁ። አልለቀቅኳትም። አንድ ቀን እንኳን አልለቀቅኳትም። ግን እንደ ሲኒማ አየዋለሁ። ልጅቷ ስትታጠብም፣ ውሃው ውስጥ፣ አየዋለሁ። ስለዚህ ዘገዬን ቆልፍብኝ አልኩት። አልቆልፍም አለ፤ አለቀሰ። ካልቆለፍክብኝ እሄዳለሁ፣ የት እንደምሄድም አትጠይቀኝ አልኩት። ከዚያ ቆለፈ።"

"ድሬሰሩስ?"

"መቆለፊያውን ረስተውት ቢወርዱስ?"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባነበብኳቸው አሥራ አንድ ልብወለዶች ውስጥ የተዘጋባት ሴት መውጣት ትፈልጋለች። ምዕራፎቼን በሙሉ የሠራሁት በዚያ ላይ ነው። በሩን ከሁለቱም በኩል የዘጋች ሴት የሚሆን ምዕራፍ አልነበረኝም።

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ላንቺ?" ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማ። "አንቺ የዘገዬ እህት ነሽ። ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት መጥተሽ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ፣ ታለቅሻለሽ ወይ እያልሽ ስትጠይቂኝ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ስለኔ እየጻፍሽ ነው።"

ልክድ ነበር። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ገጹም አለ፤ "የመ. ሁኔታ፣ ከምዕራፍ ሦስት ጋር ይነጻጸር" የሚል። ጽፌዋለሁ።

"ጽፌያለሁ" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

ቀድጄ በክፍተቱ ሰጠኋት። ብርሃን ላይ አድርጋ አነበበችው።

"ይኼው ነው? ሦስት መስመር?"

"ሦስት መስመር ነው።"

"ብዙ የጻፍሽ መስሎኝ ነበር" አለች፤ ቅር ያላት ትመስላለች።

ከዚያ ድምፅዋ ወደ ክፍተቱ ተጠጋ። "እናቴ ቤት ብሆን ይኼ ሁሉ የለም። እህቴ ስትወልድ እኔ ነበርኩ የምጠብቃት። ሽንት ቤት እንኳን ስትሄድ በር ላይ እቆማለሁ። ከምኑ እንደምጠብቃት ማንም አልነገረኝም፤ ከዓይን፣ ከብርድ እል ነበር። አሁን ሳስበው ከራሷም ነበር የምንጠብቃት። እዚህ ግን ሁሉም ሺፍት አለው። ዘገዬ ዌርሃውስ ነው። እትዬ ልጅቷን ሲይዙ እኔን መያዝ አይችሉም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁለት ሳምንት መጡ፣ ከዚያ እነሱም ሥራ አላቸው። ሰው ስላጣሁ ቁልፍ አደረግኩ።"

እኔ በየቅዳሜው መጥቼ ሳሎን ላፕቶፕ ከፍቼ ስቀመጥ ነበር። በሰባት ሳምንት አንዴም "ልቀመጥልሽ" አላልኳትም። ይህን ሳልነግራት አወቀችው መሰለኝ።

"አንቺስ እስከ ስንት ሰዓት ነሽ?" አለችኝ።

"ምንም ሺፍት የለኝም።"

"እንግዲያው ተቀመጪ። አታውሪ።"

ተቀመጥኩ። ለኔ አለማውራት ቀላል አይደለም። ምናልባት ግማሽ ሰዓት። አንዴ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ጎንበስ ስል፣ ጣቶቿ በክፍተቱ ወጥተው የሹራቤን ጫፍ ይዘዋል።

"አሥረኛውን ጥያቄ ለምን አጠፋሽው?" አልኳት በመጨረሻ።

"ይወስዷታላ።"

"ማን አለሽ?"

"ዘገዬ ሥራ ቦታ ሰምቶ። አንዲት ሴት እውነቱን ብትሞላ ልጇን ወሰዱባት ይላሉ።"

"ሴትየዋን ያያት አለ?"

"ሁሉም ሰምቷል።"

ፎርሙ ግርጌ ላይ በሳምንት ሰባቱንም ቀን የሚሠራ የነርሶች ስልክ ነበር። "ስምሽን ሳልናገር ልጠይቅ?" አልኳት። ድምፁን እንድከፍተውና ስም እንዳልጠራ አስምላኝ ፈቀደች። ደወልኩ። የመለሰችው ሴት ድምፅ የሰለቸው ይመስላል፤ ያ ደስ አለኝ፣ የጣፈጠ ድምፅ አላምንም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ደረጃውን፣ ውሃውን፣ ቁልፉን፣ አሥረኛውን ጥያቄ። ከዚያ ቀጥታ ጠየቅኳት፤ ልጅቷን ትወስዳላችሁ ወይ?

"እንዲህ ያለ ሐሳብ እየመጣባት የምትደነግጥ እናት በየሳምንቱ ትደውልልኛለች" አለች ነርሷ። "ስለማላያት ሰው ቃል መግባት አልችልም። ከልጇ እንድትለይ ሳይሆን እንድትታከም ነው የምንፈልገው። ራሷን ስለ መጉዳት ያለችው ግን ለነገ የሚያድር አይደለም። ዛሬ ሆስፒታል አምጧት። እስከዚያ ብቻዋን አትተዉአት።"

ለመዓዛ በአማርኛ ነገርኳት። የመጀመሪያውን ስትሰማ የሹራቤን ጫፍ አጥብቃ ያዘች። የመጨረሻውን ስነግራት፣

"ይኼንንማ እኛም እናውቃለን" አለች።

የመኪናው ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። ዘገዬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፤ የታችኛው በር ክፍት ሆኖ አግኝቶታል። እኔን ሲያይ፣ የተከፈተውን በር ሲያይ፣ ግድግዳውን ያዘ።

"ምን አደረግሽ?"

"ምንም። ተቀምጬ ነው። ሆስፒታል ትሄዳለች።"

"ማን ወሰነ?"

"ገና ማንም አልወሰነም። ግን ትናንት የዋሸኸኝን—"

"ምን ልበልሽ ነበር?" ድምፁን አልጨመረም። "ሚስቴ ቆልፍብኝ ትላለች፣ እኔም እቆልፋለሁ ልበልሽ? አንቺ እኮ ሰው አትሰሚም ሀሴት። ትፈርጃለሽ።"

እትዬ ዘውዴ ኤልዳናን ታቅፈው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመዋል። "በኢየሱስ ስም፣ እየጸለይንበት ያለ ነገር ነው" አሉ። "ሆስፒታል ሄዳ እብድ የሚል ወረቀት ይዛ ትመለስ?"

"እትዬ፣ እርስዎ ሲጸልዩ ማን አጠገቧ ይቀመጣል?" አልኳቸው።

"እኔ እኮ ሁለት እጅ ነው ያለኝ" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ልጅቷን ስይዝ እሷ ብቻዋን ናት፣ እሷ ጋ ስወጣ ልጅቷ ብቻዋን ናት። አራስ ጥሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀሎኝ ነው?"

ፊታቸውን አየሁት። የትናንቱ ፊት ነበር። ጭካኔ አልነበረም፤ ኀፍረት ነው።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ ድሬሰሩ መጎተት ጀመረ። በአንድ ጊዜ አልሄደም። ይቆማል፣ ይጀምራል። ዘገዬ ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ እሱም አልተቆጣም።

መዓዛ ወጣች። ከስታለች፣ ፀጉሯ በሻሽ ታስሯል። ማንንም ሳታይ ወደ ደረጃው ተናገረች።

"እትዬ፣ ልጅቷን ኩሽና ያስገቡልኝ። ስወርድ ደረጃው ላይ እንዳትሆን።"

እትዬ ዘውዴ ወርደው ገቡ። መዓዛ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ ወረደች። ዘገዬ ከፊቷ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወርዳል፣ እኔ ከኋላዋ። ሦስት ፎቅ እንዲህ ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

መኪና ውስጥ እትዬ ዘውዴ መሐል ተቀመጡ፤ በአንድ በኩል የሕፃኗ መቀመጫ፣ በሌላው መዓዛ። አንድ እጃቸው ልጅቷ ላይ፣ አንድ እጃቸው የመዓዛ ጉልበት ላይ። እስክንደርስ ከሁለቱም አላነሱም።

ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ያለችው ሴት ያንኑ ፎርም ከእስክሪብቶ ጋር አቀበለችን። ዘገዬ በልማድ እጁን ዘረጋ። መዓዛ ቀደመችው። ጥግ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች። ቆየች። የሆነ ቦታ ላይ ረጅም ቆማ፣ ከዚያ በኃይል ከበበች። እስክሪብቶ ነው፤ ላጲስ የለውም።

እውነቱን እየጻፈች መሆኗን ማወቅ ነበረብኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና አንገቴን ዘመም አደረግኩ። ክንዷን አጠፈችና ሸፈነችብኝ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ልጅ።

"አትኮርጂ" አለችኝ።

ጨርሳ ራሷ ወስዳ ሰጠቻት። ሴትየዋ አነበበችው፤ ወረቀቱን ስታገላብጥ ፊቷ አልተለወጠም፣ ግን ስልክ አነሳች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ነርስ ወጥታ የመዓዛን ስም ጠራች፣ አስተርጓሚ በስልክ እንደሚቀርብላት ነገረቻት፣ ከናንተ ማንን ይዛ ትገባለች ብላ ጠየቀችን። ዘገዬ ልጅቷን ታቅፎ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ።

"እትዬ ይምጡ" አለች መዓዛ። "አያወሩም ግን። አጠገቤ ቁጭ ብቻ ይበሉ።"

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ እትዬ ዘውዴ። እስኪገቡም አንድ ቃል አልጨመሩም።

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ዘገዬ ተቀምጦ የልጅቷን ጡጦ ፍለጋ ቦርሳውን ይበረብራል። እኔ በሩ ድረስ ሄጄ እጀታውን አየሁት። በኛ በኩል ድፍን ነው።